ጠመንጃው ላይ የተጻፈው
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ስለፈለግሽው ተናገሪ፣ ብቻ ሰው እንዳያንቀላፋ» ብለውኛል። ጋምቤላ ለሚሠራ ሐኪም ወባ የማያልቅ ርዕስ ነው። ስለ ወባ ግን እዚህ ከኔ የበለጠ የሚያውቁ ሦስት መምህሮቼ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ ጠመንጃ ነው።

አዎ፣ ስለ ጠመንጃ። ሐኪም ምን አግብቷት ትሉ ይሆናል። ተኳሽ አይደለሁም፤ ሰብሳቢም አይደለሁም። ጋምቤላ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ግን የጠመንጃን ሥራ ከሌላኛው ጫፍ ያውቀዋል። እኛ የምናየው ከሥጋና ከአጥንት መሀል የሚወጣውን እርሳስ ነው። ያ እርሳስ ከየት ተነስቶ እዚህ ደረሰ ብዬ ስጠይቅ ነው ጠመንጃውን ራሱን ማንበብ የጀመርኩት።

የምለው ነገር ባጭሩ ይኼ ነው። ጋምቤላ ጠመንጃ ሠርታ አታውቅም። በክልሉ ያለ እያንዳንዱ ጠመንጃ ሌላ ቦታ ተሠርቶ፣ አንድ ሰው ሸጦት ወይም አድሎት፣ በአንድ መንገድ የገባ ነው። ለዚህ ምስክሩ ብረቱ ላይ የተመታው ምልክት ነው። ምልክቱን ማንበብ ስንችል «የዚያ አገር ሰው ተፈጥሮው መዋጋት ነው» የሚለውን ሰነፍ አባባል ትተን፣ ማን ሠራው፣ ማን ሸጠው፣ በየት በኩል ገባ ብለን መጠየቅ እንጀምራለን።

የሽማግሌው ውጅግራ

አንድ የአኙዋ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን አሳክመው ከጨረሱ በኋላ ቤታቸው ጋበዙኝ። ምሳ በላን። ከዚያ ከጎጆው ጣራ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወረዱ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እዚህ ላይ የተጻፈውን ንገሪኝ። አባቴ የጣሊያን ነው ይል ነበር። ልጄ ደግሞ የእንግሊዝ ነው ይላል።»

«አባባ፣ መጀመሪያ ጥይት እንዳለው እንይ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አልተተኮሰም» አሉ። እኔ ግን የድንገተኛ ክፍል ሰው ነኝ፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ያቆሰለውን ሰው አክሜአለሁ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረን፣ ጣታችንን ከምላጩ አርቀን፣ ማቀባበያውን ከፈትን። ጥይት የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በዓይናችን አየን፤ ባዶ ነበር። የአሮጌ ጠመንጃ ንባብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ደግሞ ራሱ አይክፈተው፤ የሚያውቅ ሰው ይጥራ።

ሁለተኛው ነገር ጽዳት ነው። ዝገቱን ያየ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ወይም ሞረድ ያነሳል። እባካችሁ፣ አይሆንም! ጽሑፉ ከዝገቱ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። በዘይት የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከዚያ ጠመኔ ወስዶ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ቀባ ማድረግና ላዩን በጣት መጥረግ ነው፤ ነጩ ዱቄት በጭረቱ ውስጥ ይቀርና ፊደሉ ይወጣል። የሞባይል መብራት ደግሞ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ ተደርጎ ሲበራ ጥልቀቱ ጥላ ይሠራል። ያንን ፎቶ ማንሳት ነው።

እንደዚህ ስናደርግ በብረቱ አካል ግራ ጎን ላይ በፈረንሳይኛ የእጅ ጽሑፍ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ታየ፦ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ሴንት ኤቲየን፣ ሞዴል 1874። አፈሙዙ ላይ ደግሞ «ኤስ» የሚለው የፈረንጅ ፊደልና 1877 የሚል ቁጥር አለ። የጣሊያንም የእንግሊዝም አይደለም፤ የፈረንሳይ ነው።

ሽማግሌው ገረማቸው። «ፈረንሳይ? ፈረንሳይ እዚህ መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የዛሬው ንግግሬም በሙሉ የሳቸውን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ንባቡን እንጨርስ።

ሂስትሪ ሳይወሰድ ዲያግኖሲስ የለም

መምህሮቻችን «በአንድ ምልክት አትፍረዱ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ላዩ ላይ የተለያየ ሥራ ያላቸው ምልክቶች አሉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት ነው ሰውን የሚያሳስተው።

አንደኛው የሠሪው ምልክት ነው፤ የፋብሪካው ስም ወይም የከተማው ስም። ሁለተኛው የሞዴሉ ስም ነው። ሞዴል 1874 ማለት ያ ዓይነት ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦሩ ጸደቀ ማለት እንጂ ይኼኛው በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። የተሠራበት ዓመት አፈሙዙ ላይ ያለው 1877 ነው። ልዩነቱ «በሽታው መቼ ታወቀ» እና «በሽተኛው መቼ ታመመ» እንደማለት ነው።

ሦስተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። በአፈሙዙና በማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ጠመንጃው ከተወለደ ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው። የሽማግሌው አይመሳሰልም፤ ከሁለት ጠመንጃ የተገጠመ ነው ማለት ነው። አራተኛው የመርማሪዎች ምልክት ነው፦ ትንንሽ ዘውዶች፣ በክብ ውስጥ ያሉ ነጠላ ፊደሎች። «ፈትነነዋል፣ አልፏል» የሚሉ ፊርማዎች ናቸው። አምስተኛው የባለቤትነት ምልክት ነው፤ ጠመንጃውን የገዛው ወይም የማረከው መንግሥት የመታው። ስድስተኛው ደግሞ ሰው በሰደፉ ላይ የቀረጸው ነው፦ ስም፣ መስቀል፣ ጭረት፣ የናስ ሽቦ፣ የቆዳ ጥቅል። የሽማግሌው ጠመንጃ ሰደፉ አገር ውስጥ በእንጨት ጠራቢ የተለወጠ ስለሆነ በፈረንሳይ ሰደፍ ላይ የሚገኘው ወሩንና ዓመቱን የያዘ ክብ ማኅተም የለውም። ሰደፉ ፈረንሳይን ረስቶ ጋምቤላን ለብሷል ማለት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ቁጥር ሁሉ ዓመት አይደለም። በማነጣጠሪያው ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች የርቀት ናቸው። «ጠመንጃው በ1200 ዓ.ም. የተሠራ ነው» ብሎ የሚምል ሰው አጋጥሞኛል! ቁጥሩ ሜትር ነበር።

ዓመት የሆነው ቁጥርም ቢሆን የኛ ዓመት አይደለም። 1877 በእኛ አቆጣጠር 1869 ወይም 1870 ነው፤ አፄ ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ጊዜ። የጣሊያን ጠመንጃ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይመጣል። በፋሺስቱ ዘመን ከተሠሩት ካርካኖዎች በብዙዎቹ ላይ ከተለመደው ዓመት አጠገብ በሮማ ቁጥር የተጻፈ ሌላ ቁጥር አለ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። በሮማ ቁጥር 14 የተጻፈበት ካገኛችሁ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው ጊዜ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በዚያው «14ኛ ዓመት» ውስጥ ነው። አንድ ትንሽ የሮማ ቁጥር ስንት ነገር ይዛለች!

ስሙስ? ሽማግሌውም፣ የጎሬ ነጋዴዎችም፣ የጎንደር ገበሬም ይኼንን ጠመንጃ «ውጅግራ» ይሉታል። ስሙ ራሱ ምልክት ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ ደግሞ ጠመንጃውን ያወጣው መኮንን ስም። አፋችን ውስጥ ሲዞር ውጅግራ ሆነ። ስናድርም እንደዚያው ከስናይደር፣ ምንሽር ከማንሊከር፣ በልጅግም ከቤልጅግ አገር የመጡ ስሞች ናቸው። በየፉከራውና በየቀረርቶው የምንሰማቸው ስሞች የፈረንጅ መሐንዲስ ወይም አገር ስሞች ናቸው። ግን ሕዝብ ስምን ከአንዱ ጠመንጃ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ስለዚህ ስም ፍንጭ ይሰጣል እንጂ መታወቂያ አይሆንም። መታወቂያው ብረቱ ላይ ነው።

ፈረንሳይ ሳይመጣ ጠመንጃው እንዴት መጣ?

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበልን አወጣች። 8 ሚሊሜትር፣ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስ፣ በካዝና ብዙ ጥይት የሚይዝ። ያኔ 11 ሚሊሜትሩ፣ አንድ በአንድ የሚጎርሰው ግራ በአንድ ጀምበር አሮጌ ዕቃ ሆነ። አውሮፓ የጣለችውን ለሌላው ትሸጣለች፤ ይኼ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ነጋዴው በቀይ ባሕር ዳርቻ አራገፈው፣ ግመልና በቅሎ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ አወጣው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ሐረር ቤቱ የሚጎበኝለት ሰው ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ከግራም የባሰ አሮጌ ነበር።

ከዚያ ወደ ምዕራብ። ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት በባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ከተፈቀደው ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ተነስታ ያደገች ከተማ ናት። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ይመጣ ነበር፤ የጎሬና የሳዮ ቡና ይጫን ነበር። ጠመንጃው ግን በጀልባ አልነበረም በብዛት የመጣው። ከደጋው ነው የወረደው። አኙዋ ዝሆን ጥርስ ነበረው፤ የደጋው ነጋዴ ጠመንጃ ነበረው። ተለዋወጡ። የአኙዋ መኳንንት ጠመንጃውን ለተከታዮቻቸው አደሉ፤ ጠመንጃ ያለው ተከታይ አገኘ፤ ተከታይ ያለው ሌላ ዝሆን ጥርስ አገኘ።

ውጤቱ በ1904 ዓ.ም. (1912 እ.ኤ.አ.) ታየ። የእንግሊዝ የሱዳን መንግሥት አኩዌ ወ ቻም የተባለውን የአኙዋ መስፍን ሊቀጣ ጦር ላከ። አዶንጋ ላይ ተገናኙ። እንግሊዞቹ አኩዌን ሊያሸንፉት አልቻሉም፤ ከ40 በላይ ወታደሮችና መኮንኖች ሞቱባቸው። አውሮፓ ለሙዚየም ያሰበችው ጠመንጃ ባሮና አኮቦ አካባቢ የአውሮፓን ጦር መለሰ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጦርነት የራሱን ምልክት ጥሎ አለፈ። የጣሊያን ወረራ የተርኒን፣ የብሬሻንና የጋርዶኔን ስም ይዞ ገባ። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ከጣሊያን ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ ድረስ የመጣ ጦር ነው፤ ሰኔ ላይ ሳዮም ለቤልጅጎች እጅ ሰጠች። ስለ አኙዋና ስለ ኑዌር በመጻፍ የሚታወቀው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ራሱ በ1940 እና 1941 እ.ኤ.አ. በጊሎና በአኮቦ ወንዞች በኩል ጥቂት የአኙዋ ተዋጊዎችን እየመራ ጣሊያንን ወግቷል። ሱዳን ጣቢያውን ለኢትዮጵያ ያስረከበችው በ1949 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት መጣና ክላሽ ሁሉንም ዋጠ።

እንግዲህ ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ፦ «አባባ፣ ፈረንሳይ አልመጣም። ዝሆኑ ነው ወደ ፈረንሳይ የሄደው፤ ጠመንጃው የዝሆኑ ዋጋ ነው።» ዝም ብለው ቆዩና «እኛ ጋ አሁን ዝሆኑ የለም፤ ጠመንጃው አለ» አሉኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ሌሎች ምልክቶች፣ የጠፉትም ጭምር

ሌላ አሮጌ ጠመንጃ ብታገኙ ምን ትፈልጋላችሁ? የዘውድ ምልክትና ከሥሩ የኤንፊልድ ወይም የሌላ ፋብሪካ ስም ካለ የእንግሊዝ ነው። ትንሽ የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ናት፤ ሁለት ቀስቶች አፍ ለአፍ ከተጋጠሙ «ከመንግሥት እጅ ወጥቷል፣ ተሸጧል» ማለት ነው። የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ረሚንግተን የግብፅ ጦር ነበረ። የግብፅ ጦር በ1875 እና በ1876 እ.ኤ.አ. ጉንደትና ጉራ ላይ ሲሸነፍ ጠመንጃው እኛ ጋ ቀርቷል። የቤልጅጉ የሄርስታል ፋብሪካ ስም ካለበት በልጅግ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተመትቶ ካያችሁ፣ አንበሳው የገዢው ምልክት ነው እንጂ የሠሪው አይደለም። ክላሽ ላይ ደግሞ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቀስት የሩሲያው የኢዥቬስክ ፋብሪካ ነው፤ ኮከብ የቱላ ነው፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 66 የሚል ቁጥር የቻይና ነው።

ውጭ አገር የምትኖሩ አባሎቻችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት ልታዩ ትችላላችሁ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። በአገሩ ሕግ አስመጪው ስሙንና ከተማውን ይመታበታል። የአያቶቻችን ጠመንጃ የመጨረሻ ማኅተም እሱ ሆነ ማለት ነው።

ምልክቱ በሞረድ የተፋቀ ጠመንጃም አለ። ፍቁ ራሱ ይናገራል፤ አንድ ሰው ይህ ጠመንጃ ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ፈልጓል። ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ይጨፈለቃል። ላዩ ቢፋቅ እንኳን የተጨፈለቀው ክፍል ለአሲድ የሚሰጠው ምላሽ ከጤነኛው ይለያል፤ የፎረንሲክ ባለሙያ ይህንን ተጠቅሞ ቁጥሩን ሊያወጣው ይችላል። ጠባሳ ከቆዳው ሥር እንደሚቀር በሉት።

ለሐኪሙ ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። መጀመሪያ፣ አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት። የግራ ጥይት 25 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ ነው፤ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጓዛል። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ነው፤ በሰከንድ ወደ 715 ሜትር። አስሉት፤ የአሮጌው ጉልበት ወደ 2,500 ጁል፣ የክላሹ ወደ 2,000 ጁል ይሆናል። ለስላሳው እርሳስ ደግሞ አጥንት ሲነካ ይደፈጠጣል፤ ይሰፋል።

ለተኳሹ ራሱም አደጋ ነው። ጣሊያን በ1870 ለጥቁር ባሩድ የሠራችውን ቬተርሊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ አፈሙዙን አጥብባ 6.5 ሚሊሜትር የካርካኖ ጥይት እንዲተኩስ አድርጋዋለች። ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። እንዲህ ያለ ጠመንጃ፣ ወይም በግምት ጥይት የተሞላ ማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ፣ ሲፈነዳ የሚወስደው ዓይንና ጣት ነው። ስለዚህ ምልክት ማንበብ የሰብሳቢ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «አባባ፣ ይኼ ግድግዳ ላይ ይቆይ፣ አይተኮስ» ለማለት ምክንያት ይሰጠናል።

ሁለተኛ፣ ካርድ ላይ የምንጽፈው። «የክላሽ ቁስል» ብለን እንጽፋለን። ማን ነገረን? ቁስል ፋብሪካ አይናገርም። ኤክስሬይ ላይ ያለውን ጥላ በማስመሪያ ለክቶ «7.62 ነው» ማለትም አይቻልም፤ ጥይቱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይተልቃል። መግቢያና መውጫ ብለን ከመፈረጃችን በፊት ቁስሉን በመጠን፣ በቅርጽና በቦታ እንግለጽ። ያየነውን እንጻፍ፤ የገመትነውን ግምት ነው እንበል።

ሦስተኛ፣ የወጣው እርሳስ። ጥይት በአፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ ጎኑ ላይ የዚያን አፈሙዝ ጭረት ይዞ ይወጣል፤ የጠመንጃው ፊርማ እሱ ነው። እኛ ደግሞ በብረት መቆንጠጫ እንይዘውና በላዩ ላይ የራሳችንን ጭረት እንጨምርበታለን። ከዚያ የብረት ሳህን ላይ «ቂው» አድርገን እንጥለዋለን፤ ፊልም ላይ ያምራል! ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። የመቆንጠጫውን ጫፍ በጎማ ቱቦ መሸፈን ወይም በጣት ማውጣት፣ በጋዝ መጠቅለል፣ በፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የበሽተኛውን ካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ከየት እንደወጣ መጻፍ፣ ለፖሊስ ሲሰጥ ማን ለማን እንደሰጠ ማስፈረም። ጥይቱ ላይ ምልክት ማድረግ ካስፈለገ ከሥሩ እንጂ ከጎኑ አይደለም። ይህ ሁሉ ምንም ዓይነት ማሽን አይጠይቅም፤ ጋምቤላም፣ ጎደሬም፣ የትም ይሠራል።

አንዳንዱ እርሳስ እዚያው ቢቀር ይሻላል፤ ያንን ሁላችንም ተምረናል። መገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ግን እየሟሟ ደም ውስጥ ስለሚገባ መውጣት አለበት። ሲወጣ ደግሞ ማስረጃ ሆኖ ይውጣ።

ይህን ለምን አጠብቃለሁ? ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን በኩል በገቡ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል የኑዌር መንደሮች ከ200 በላይ ሰው ተገደለ፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ። ከዚያም ወዲህ በአኙዋና በኑዌር መካከል፣ በነዋሪና በስደተኛ መካከል፣ ድንበር ላይ፣ ቁስለኛ ያልመጣበት ዓመት የለም። ቁስለኛው ሲመጣ የሚጠየቀው «የማን ወገን ነው የተኮሰው?» ነው። ያ ጥያቄ ሌላ ቁስለኛ ያመጣል። «ጠመንጃውንና ጥይቱን ማን አቀረበ?» የሚለው ጥያቄ ግን ምናልባት ቀጣዩን ቁስለኛ ያስቀራል። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ብረት ነው፤ ብረቱ መጀመሪያ የሚያልፈው ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

የምጠይቃችሁ

ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። አገራችን የፈረመችው የ2004 እ.ኤ.አ. የናይሮቢ ፕሮቶኮልም ጦር መሣሪያ ምልክት እንዲመታበትና እንዲመዘገብ ያዛል። ግን እንደ ሽማግሌው ያለ ሰው ይፈራል። «ካሳየሁ ይወሰድብኛል» ብሎ ይደብቃል፤ ወይም ልጁ ቁጥሩን ይፍቀዋል። የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ሞረድ ይጠፋል፤ ጠመንጃው ግን ይቀራል። ከዚህ የከፋ ውጤት የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የሕግ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን፣ የቤተሰብ ቅርስ የሆነ አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው በሕጉ መሠረት ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድ ገጽ፣ በሚገባ ቋንቋ ጻፉልን፤ በአኙዋኛና በኑዌርኛ የሚያስተረጉም ሰው እኔ እፈልጋለሁ። የታሪክ ክፍሎች፣ የባለቤት ስም ሳይያዝ የምልክቶቹን ፎቶና የተገኘበትን ወረዳ ብቻ የሚሰበስብ አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ ከየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን፣ ስንት እንደገባ ከዚያ ይታያል። የሕክምና ትምህርት ቤታችን ደግሞ ለኢንተርኖች ስለ ጥይት አያያዝ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይስጥልን። አንድ ሰዓት ብቻ። እኔ በራሴ ትራንስፖርት መጥቼ አስተምራለሁ፤ ሆቴል ግን ትችሉኛላችሁ!

ሽማግሌውን በተመለከተ፣ ፎቶዎቹን አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ጠመንጃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራና ስንት ዓመቱ እንደሆነ በአማርኛ ከሥሩ ጽፌአለሁ። ወረቀቱን ይዘው፣ ጠመንጃውን ቤት ትተው፣ ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ሊነጋገሩ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ሄዱ። ምን እንደሚወሰን ገና አልታወቀም። እስከዚያው ግን ቁጥሩን የሚፍቅ የለም።

ጥያቄ ያላችሁ በሻይ ሰዓት አግኙኝ፤ የወባም ቢሆን እመልሳለሁ።